ለሀና የሚሆን ጠመንጃ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሄድኩት ጠመንጃ ልጠግን ሳይሆን እንጨት ልጠግን ነበር። ቂርቆስ በአንድ አናጺ ቤት ወንበርና ቁም ሣጥን ስሠራ ስምንት ዓመት ቆይቻለሁ። ካዛንቺስ ያለ አንድ የተኩስ ስፖርት ክለብ ሰደፍ የሚያድስለት ሰው እንደሚፈልግ ከአንድ ደንበኛችን ሰማሁ። መንግሥት ከተለወጠ ገና ብዙ አልቆየም፤ ጠመንጃ ማየት ስልችት ብሎኝ ነበር። ቢሆንም መላጊያዬንና ሞረዴን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ።

የመሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ሻምበል በላቸው ይባላሉ። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ከመደርደሪያው አንድ ጠመንጃ አንስተው ሰጡኝና ጥይት እንዳለው ጠየቁኝ። የለውም አልኩ። በምን እንዳወቅሁ ጠየቁኝ። እርስዎ ስለሰጡኝ ነው አልኳቸው። ጠመንጃውን መልሰው ወስደው ከፍተው አሳዩኝ፤ ባዶ ነበር።

"ልክ ነህ፤ ግን አላወቅህም፣ ገመትህ" አሉኝ። "እዚህ ቤት የሚገምት ሰው አይሠራም።"

ከዚያ ውጭ ካለው አግዳሚ ላይ እስከ ምሳ ሰዓት አስቀመጡኝ። ተባረርኩ ብዬ መላጊያዬን ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ከምሳ በኋላ ጠሩኝና አርባ ያህል ጠመንጃ አንድ በአንድ አስከፈቱኝ። መዝጊያውን ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ውስጡን በዓይንህ ታያለህ፣ ጥይት የሚገባበትን ቀዳዳ በትንሿ ጣትህ ትዳስሳለህ፣ ከዚያ "ባዶ ነው" ብለህ ጮክ ብለህ ትናገራለህ። ሲመሽ ጣቴ በዘይት ጠቁሮ፣ ድምፄ ሰልሎ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰደፍ የነካሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

በረዳት ጠጋኝነት አራት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ጠጋኝ ተባልኩ። በኋላ ሻምበል ከወንበራቸው ብዙ መነሳት ሲያቅታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የተኩስ ሜዳ ተቆጣጣሪነትም ተጨመረልኝ። ሜዳ እንበለው እንጂ ሃምሳ ሜትር የሚረዝም፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ጫፉ ላይ አሸዋ የተከመረበት ጠባብ አዳራሽ ነው።

በክለባችን የሚተኮሰው "ሃያ ሁለት" የምንላት ጥይት ናት። ከጣት አንጓ ብዙም የማትበልጥ ትንሽ ጥይት ናት። መምቻው መርፌ የሚያርፍባት መሃሏ ላይ ሳይሆን የቀለሁ ጠርዝ ላይ ነው። ድምጿ ቀላል ነው፤ ትከሻም አትመታም። በዚህ የተነሳ ሰው ይንቃታል። ሻምበል አዲስ አባል ሲመጣ ስለ ጥይቷ ምን እንደሚያስብ ይጠይቁት ነበር። "ትንሽ ናት" ብሎ የሳቀ ሰው ያን ቀን ሳይተኩስ ይሄዳል።

ይህን የምጽፈው ዛሬ በመሣሪያ ክፍል ለምትሠሩ፣ በተለይ የታዳጊዎችን ቡድን ለያዛችሁ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት በሃያ ዓመት ሥራዬ ውስጥ ስላጠፋሁት ትልቅ ጥፋትና ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነገር ነው።

የደምበል ሕንፃ ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ ነው። አቶ ሙሉጌታ የሚባሉ የድሮ አባላችን ነበሩ። እዚያው ካዛንቺስ አንድ መሥሪያ ቤት የመምሪያ ኃላፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ከክለቡ የሚስተካከላቸው አልነበረም ይባላል። ስኳር ዓይናቸውን ካደከመው ወዲህ ግን ኢላማው እየጠፋባቸው መተኮስ ትተዋል። ጠመንጃቸው እኛ ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በየሦስት ወሩ እኔ እወለውለዋለሁ። ለውድድር የተሠራ፣ አፈሙዙ የወፈረ፣ ስድስት ኪሎ የሚጠጋ ከባድ መሣሪያ ነው። ምላጩ በጣም ቀላል ስለሆነ ጣት ሲያርፍበት ይለቃል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጃቸውን ሀናን ይዘው መጡ። የታዳጊዎች ቡድን ውስጥ አስመዝግበዋታል። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ለዕድሜዋ ግን አነስ ያለች ናት። የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳለች፣ እጅጌው እስከ ጣቶቿ ይደርሳል። ለታዳጊዎች የምናውለው ሁለት የልምምድ ጠመንጃ ነበረን፤ ሁለቱም ለትልቅ ሰው የተሠሩ ናቸው፣ ግን ከሳቸው ጠመንጃ ይቀላሉ። አቶ ሙሉጌታ እነሱን አልፈለጉም።

"ዳኜ፣ የኔን አውጣላት" አሉኝ።

አውጥቼ፣ ከፍቼ፣ ባዶነቱን ተናግሬ ያዘችው። ሰደፉ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ምላጩ ከጣቷ ራቀ። ለመድረስ አንገቷን ወደ ፊት አሰገገች፣ ወገቧን ወደ ኋላ ለጠጠች። አየሁ። ትንሽ አልከበዳትም ወይ አልኳቸው። እሳቸው በሷ ዕድሜ የአባታቸውን ጠመንጃ አንስተው እንደጀመሩና እንደምትለምደው ነገሩኝ። እኔ ዝም አልኩ። እሳቸው የመምሪያ ኃላፊ ናቸው፣ የክለቡ ነባር ናቸው፤ እኔ አናጺ ነኝ። መዝገቡ ላይ ወጪ ብዬ ፈረምኩ።

መጀመሪያ ምንጣፍ ላይ ተኝታ፣ የጠመንጃውን ፊት በአሸዋ ከረጢት አስደግፋ አሥር ጥይት ተኮሰች። መልካም ነበር። እጇ የረጋ፣ ትዕግሥት ያላት ልጅ መሆኗን ወዲያው አወቅሁ። አባትየው ደስ አላቸው። ቆማ ትሞክር አሉ። ይህን የሚፈቅደው ወይም የሚከለክለው ተቆጣጣሪው ነው፤ ተቆጣጣሪው እኔ ነኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ።

ቆማ አነሳችው። ስታነጣጥር ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ከኋላዋ አንድ እርምጃ ርቄ ቆሜያለሁ። ከግራዋ፣ በሚቀጥለው መስመር ላይ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጎንበስ ብሎ ጥይቱን ከሣጥኑ ያወጣል። ሀና ደከማት፤ ሳትተኩስ ልታወርደው ፈለገች። የተማረችው ጣቷን ከምላጩ አውጥታ፣ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳቀናች እንድታወርድ ነው። ግን ጠመንጃው ጎተታት። ጣቷ እንደገባ፣ አፈሙዙ ወደ ግራ ዞረ።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ብቻ እጄ ከብረቱ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲገፋው አስታውሳለሁ። ተኮሰ። ጣሪያው ላይ ብርሃን የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ተከፈተች፤ ከቆርቆሮው ዝገት ትከሻችን ላይ ረገፈ።

መሣሪያውን ተቀብዬ ከፈትኩት። በሁሉም መስመር ተኩስ እንዲቆም አዘዝኩ። ተማሪው ቀና ብሎ አየኝ፤ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም ነበር። ሀና እጇን አጣምራ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። "ጋሽ ዳኜ፣ ሰው መትቻለሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። አልመታሽም አልኳት። ደጋግማ ጠየቀችኝ፤ ደጋግሜ መለስኩላት። አቶ ሙሉጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

ሲወጡ ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ ማንም አልተጎዳም፣ በቃ፣ ለእናቷ ባንነግራት ይሻላል አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። ዝም ማለቴ እንደ እሺ እንደተቆጠረ አውቃለሁ።

ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን ጽፌ ሻምበል ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። መሣሪያውን ማን እንዳወጣ ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ።

"ስታወጣው ምን አየህ?"

"ለሷ እንደሚከብድና እንደሚረዝም አየሁ።"

"ለማን ነገርክ?"

"አባቷን ከብዷታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።"

"እሱ መጠየቅ ነው። መንገር አይደለም" አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የታዳጊዎች ቡድን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲቆም ጻፉ። ለልጅ የሚሆን መሣሪያ መርጬ፣ ለምን እንደመረጥኩትም አስረድቼ እስካመጣ ድረስ እንደማይከፈት ነገሩኝ። ካልተገኘ ደግሞ እንደተዘጋ ይቀራል። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ በቡድኑ ውስጥ።

ማግስቱን፣ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ አንዲት ሴትዮ የጥገናውን ክፍል በር አንኳኩተው ገቡ። ኡራኤል አካባቢ ቢሮ እንደሚሠሩ፣ የሀና እናት ወይዘሮ አስቴር እንደሆኑ ነገሩኝ። ሞርሳው ላይ ያሰርኩትን እንጨት ትቼ ወንበር አቀረብኩላቸው። ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ቅዳሜ ልጃቸው እንዴት እንደነበረች ጠየቁኝ።

እውነቱን ለመናገር ልዋሽ አስቤ ነበር። ደህና ነበረች ማለት ይቻላል፤ ደግሞም አሥሩን ጥይት በደንብ ተኩሳለች። ግን የሻምበል አነጋገር ገና ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ጠመንጃው እንደከበዳት አይቼ ዝም ማለቴንም አልደበቅሁም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ቦርሳቸውን ከጭናቸው አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡ።

"ትናንት ራት ላይ ሀና ራሷ ነግራኛለች" አሉ። "እርስዎ ይነግሩኝ እንደሆነ ለማየት ነው የመጣሁት። ባይነግሩኝ ኖሮ ልጄ ይህን ግቢ ዳግመኛ አትረግጠውም ነበር።"

 ሞርሳውን ይዤ ቆምኩ። ያን የመሰለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ለካ ሦስት ቀን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ ነበር የኖርኩት።

ቀጠሉ። ልጃቸው ይህን ነገር እንደምትወድ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስለ አተነፋፈስና ስለ ማነጣጠር ብቻ እንደምታወራ ነገሩኝ። አባቷ ላይ ተናደዋል፤ እሱ የሳቸው ጉዳይ ነው። ከኔ የሚፈልጉት አንድ መልስ ብቻ ነበር።

"ለሷ ልክ የሚሆን አለ ወይስ የለም? የለም ካሉኝ ደስ ይለኛል፤ ማለቴ፣ እናት ነኝ። አለ ካሉኝ ግን እጠብቃለሁ።"

"እስካሁን አላውቅም" አልኳቸው። "ሳላውቅ አለ አልልዎትም።"

ራሳቸውን ነቅንቀው ተነሱ። ሀናን በሚቀጥለው ቀን ከትምህርት ቤት በኋላ ራሳቸው ይዘዋት እንደሚመጡ ቃል ገቡልኝ።

እኔ ደግሞ የማውቀው እንጨት ነው። ሰው ልብስ ሲያሰፋ መጀመሪያ ይለካል፤ ወንበር ስሠራም የምለካው የሚቀመጥበትን ሰው ነው። ለጠመንጃ ይህን ማድረግ ለምን እስከዚያ ቀን እንዳልመጣልኝ አላውቅም። ከጥይት ሣጥን እንጨት የጠመንጃ ቅርጽ ቆረጥኩ። ረቡዕ ሀና ስትመጣ ክርኗን አጥፋ እንድትቆም አደረግሁና ሰደፉን የክርኗ እጥፋት ላይ አሳረፍኩ። የጣቷ የመጀመሪያ አንጓ የት እንደሚደርስ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአባቷ ጠመንጃ ሠላሳ አራት ነው። ያ ስድስት ሳንቲም ነው አንገቷን እንድታሰግግ ያደረጋት።

ከዚያ ክብደቱን ለማወቅ እንጨቱ ላይ ትናንሽ የአሸዋ ከረጢት አሰርኩ። ቆማ ትይዘዋለች፤ እናትየው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እኔ ጫፉን አያለሁ። ስልሳ ሰከንድ እስኪሞላ ጫፉ ካልተንቀጠቀጠ አንድ ከረጢት እጨምራለሁ። አራተኛው ላይ ሃያ ሰከንድ ሲሞላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቀነስኩላት። ሦስተኛው ላይ ጥርሷን ነክሳ ጨረሰች። ሁለተኛው ላይ ግን እየሳቀች፣ ስለ ክፍል ጓደኛዋ እያወራችኝ ጨረሰች። ሁለተኛውን ያዝኩ።

እኛ ዘንድ ሚዛን የለም። እንጨቱን ከነከረጢቱ በጆንያ ጠቅልዬ ኡራኤል አካባቢ ካለ አንድ አትክልት ቤት ወሰድኩት። ባለሱቁ ጎመን የያዝኩ መስሎት ጆንያውን ሲገልጠው ወደ ኋላ አፈገፈገ። እንጨት መሆኑን አንኳኩቼ አሳየሁት። እሱም አንኳኳው፤ ከዚያ በኋላ ነው የመዘነልኝ። ሁለት ኪሎ ከሩብ። ያን ቁጥርና ሃያ ስምንት ሳንቲምን በእርሳስ የሥራ ካፖርቴ ኪስ ላይ ጻፍኳቸው።

ቀጥሎ የነበረው እነሱን የሚያሟላ ጠመንጃ መፈለግ ነው። አንድ አባላችን የራሳቸውን ለማዋስ ፈቀዱ። ቀላል፣ አሥር ጥይት የሚጎርስ፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱ ቀጣዩን የሚያስገባ ነበር። ክብደቱ ለሷ ይሆን ነበር። ሻምበል ምን እንዳየሁበት ጠየቁኝ። ልጅቷ አንዱን ተኩሳ ስታወርደው ሌላው ገብቶ ይጠብቃታል አልኳቸው። መልሼ ላክሁት።

ከዚያ ከልምምድ ጠመንጃዎቻችን የአንዱን ሰደፍ ቆርጬ ለማሳጠር ሞከርኩ። ይህን አታድርጉ። ርዝመቱ ሃያ ስምንት ሆነ፤ ግን ከኋላ እንጨቱ ሲቀንስ ብረቱ ከፊት ከበደ፤ ሀና ስትይዘው አፍንጫው ወደ መሬት ወደቀ። ደህና ሰደፍ አበላሸሁ። ማበላሸቴንም ለሻምበል ነገርኳቸው። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ፤ ካወቅኳቸው ጀምሮ ሲስቁ ካየኋቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። የኋላ መደርደሪያ ሥር ያለውን አሮጌ ሣጥን አይቼው እንደሆነ ጠየቁኝ።

ሣጥኑ ውስጥ ከአገልግሎት ውጪ የተባሉ መሣሪያዎች ነበሩ። ከሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልላ፣ አንዲት ትንሽ ጠመንጃ አገኘሁ። ሻምበል እንዳሉኝ በንጉሡ ጊዜ አንድ የውጭ አገር ሰው ለልጁ አስመጥቶ፣ ሲሄድ ለክለቡ የተዋት ናት። ሰደፏ አንገቱ ላይ ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሯል። አንድ ጥይት ብቻ ነው የምትጎርሰው። ጥይቷን አስገብተህ መዝጊያውን ብትዘጋም አትተኩስም፤ ከኋላ ያለውን እንቡጥ በጣትህ ጎትተህ ማዘጋጀት አለብህ። ይህን ሳይ ልቤ ዘለለ። አንድ ልጅ ከመተኮሱ በፊት ሁለት ጊዜ እንዲያስብ የሚያስገድድ መሣሪያ ነው።

ልቤ ቢዘልም ወዲያው አላመንኳትም። የአፈሙዙን ውስጥ በዘይት ጨርቅ ጠርጌ በመስኮት ብርሃን አየሁት። ጫፉ አካባቢ ሁለት የዝገት ነጥብ አለ፤ ጥይቷን የሚያሽከረክሩት ጥምዝ መስመሮች ግን ጥርት ያሉ ናቸው። የመምቻውን መርፌ ሞላ ለወጥኩ። ምላጩ ጠንከር ያለ ነበር፤ ሻካራነቱን ብቻ አስወግጄ ጥንካሬውን ተውኩት። ባዶዋን አዘጋጅቼ ሰደፏን በጎማ መዶሻ ደጋግሜ መታሁ፤ መምቻው በራሱ አልለቀቀም። ከዚያ በአሸዋ ከረጢት አስደግፌ ሃምሳ ጥይት ተኮስኩ። አንዱም አልከሸፈም።

ሰደፉን ከዋንዛ ሠራሁት። ዋንዛ ቀላል እንጨት ነው፣ ለሞረድም ይታዘዛል። የቀኝ ጉንጯ የሚያርፍበትን ቦታ በእጇ እያስነካሁ፣ ትንሽ ፋቅ እያደረግሁ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ። ጀርባው ላይ ስታድግ የሚጨመሩ ስስ ጣውላዎች በብሎን እንዲታሰሩ አደረግሁ። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ቀባሁትና በጥላ አደረቅሁት። ተገጣጥማ አትክልት ቤቱ ስትመዘን ሁለት ኪሎ ከመቶ ግራም ሆነች። ባለሱቁ በዚህኛው ጊዜ ጆንያውን አልገለጠም።

አቶ ሙሉጌታ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አልመጡም ነበር። ጠመንጃዋ ካለቀች በኋላ ስልክ ደውዬ እንዲመጡ ለመንኳቸው። መጡ። ጠረጴዛው ላይ አየት አደረጓት እንጂ አልነኳትም።

"ይህ እኮ መጫወቻ ነው፣ ዳኜ።"

ያን ጊዜ ነው የተናገርኩት። 

"መጫወቻ አይደለችም፣ አቶ ሙሉጌታ። ትገድላለች። ስለዚህ ነው ሀና ልትይዛት የምትችል መሆን ያለባት። የእርስዎን ጠመንጃ ክንዷ እስኪጠነክር ድረስ አላወጣላትም። እርስዎ ቢያዙኝም አላወጣም።"

 ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጠመንጃዋን አነሱ፤ ከፍተው በጣታቸው ዳሰሱ። አንስተው በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው ግንብ አነጣጠሩ። ማነጣጠሪያው እንደማይታያቸው አውቃለሁ፤ እሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ።

"እኔ የፈለግሁት የኔን ጠመንጃ ሲተኮስ መስማት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ልጄን ሳይሆን ጠመንጃውን ነበር የማየው ለካ።"

ከዚያ ቤት ትቀመጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይሆንም አልኩ። ለሷ የተሠራች ናት፤ ማታ ማታ የምታድረው ግን እዚህ፣ ቁልፍ ተቆልፎባት ነው። እሺ አሉ። ሁለተኛው እምቢታ ከመጀመሪያው ቀለለኝ።

ሻምበል የሰጡት ፈቃድ አጭር ነበር። ከፍተው አዩ፣ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱ፣ ለምን አንድ ጥይት ብቻ፣ ለምን ዋንዛ፣ ለምን ጠንካራ ምላጭ ብለው ጠየቁኝ፤ መለስኩላቸው። ፈረሙ። የታዳጊዎች ቡድን በሚቀጥለው ቅዳሜ ተከፈተ።

ያን ቅዳሜ እናትና አባት ሁለቱም መጡ። ወይዘሮ አስቴር ከኋላ መስመሩ ቆመው ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከሀና ግራና ቀኝ ማንም እንዳይኖር ሁለቱን መስመር ዘግቻለሁ። መጀመሪያ ያለ ጥይት አሥር ጊዜ እንድታነሳና እንድታወርድ አደረግሁ። አፈሙዙ ከኢላማው አልወጣም። ጣቷ ከምላጩ ውጭ፣ እንጨቱ ላይ ተዘርግታለች። አንዴ አውርዳ፣ "ጋሽ ዳኜ፣ ይሄ እኮ አይጎትተኝም" አለችኝ።

አንድ ጥይት ሰጠኋት። አስገባች፣ ዘጋች፣ እንቡጡን ጎተተች፣ ተነፈሰች። ተኮሰች። ከፈተች፤ ቀለሁ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ሰጠኋት። አምስት ጥይት፣ አንድ በአንድ። ሲያልቅ ከፍታ አየች፣ ዳሰሰች፣ ባዶ ነው አለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። ወረቀቱን ሄጄ አመጣሁ። አምስቱም በአንድ የሻይ ማስቀመጫ ሰሃን የሚሸፈኑ ነበሩ።

ወይዘሮ አስቴር ነጠላቸውን ለቀቁት። ጨብጠው የያዙት ቦታ ተጨማዶ ቀረ። አቶ ሙሉጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ቀዳዳዎቹን ቆጠሩ። በዓይናቸው መቁጠር ስለማይችሉ ነው። እኔ ወደ ጥገናው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። 

ሀና አምስት ዓመት ተኮሰች። ሻምፒዮን አልሆነችም፤ አንዴ ሁለተኛ፣ አንዴ አራተኛ ወጥታለች። ቁመቷ ሲጨምር ጣውላዎቹን ጨመርኩላት፤ ጣውላው ሲያልቅ ወደ ልምምድ ጠመንጃ ተሸጋገረች። የአባቷን ጠመንጃ አሥራ ስድስት ዓመቷ ላይ፣ ተኝታ፣ እሳቸው አጠገቧ ቁጭ ብለው ተኮሰችበት። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ተወችው። አሁን የጥርስ ሐኪም ናት።

በትንሿ ጠመንጃ ከሷ በኋላ ሌሎች ሰባት ልጆች ጀምረውባታል። ሰባቱንም መጀመሪያ በእንጨቱ ለክቻቸዋለሁ። አንዱን ልጅ ገና አልደረስክም ብዬ ለአንድ ዓመት መልሼዋለሁ፤ አጎቱ አልወደዱልኝም፣ ልጁ ግን በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ሻምበል ካረፉ በኋላ የክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በታዳጊዎች ቡድን ላይ ሌላ ሪፖርት አልጻፍኩም።

ለልጅ የመጀመሪያ ጠመንጃ ስትመርጡ ልጁን ለኩ። ክንዱ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ጣቱ የት እንደሚደርስ እዩ። አንድ ጥይት የምትይዘውን ምረጡ። ከልኩ በላይ መሆኑን ካያችሁ የሚያስወጣው ሰው ማንም ይሁን፣ መዝገቡ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ተናገሩ። እኔ ሁለት ጊዜ ዝም ብዬ ሰው ሳይሞት አለፈልኝ። እጄ ስለደረሰ ብቻ ነው።